ሞተሯ አልነሳ ስትል ከእርግጫው በፊት ጆሮ

ሐምሌ ላይ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ ከየግቢው አንድ ዓይነት ድምፅ ይሰማል። ዝናቡ ሌሊቱን ሲያወርደው አድሮ ገና ማባራቱ ነው። «እህህህ... እህህህ...» ይላል የሞተር ብስክሌቱ ማስነሻ፣ ሞተሪኖው። ከዚያ እርግጫ፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ ስድብ።

እኔም አንድ ጠዋት ሃያ ጊዜ ያህል ረግጬ ላቤ በጀርባዬ ወርዷል። ጎረቤቴ ዕድሜውን በጋራዥ የጨረሰ ሰው ነው። ጋቢውን እንደተከናነበ በአጥሩ በላይ አየኝና «አንተ ልጅ፣ ከመርገጥህ በፊት ቀዩን አይተኸዋል?» አለኝ። በቀኝ እጀታው ላይ ያለችው ቀይ ማጥፊያ ወደ መዝጊያው ዞራለች። ማታ ልጄ ሞተሯ ላይ ወጥቶ ሲጫወት ነክቷት ነው። ሞተሩ ይዞራል፣ እሳት ግን የለም። «ይቅርታ ጋሼ» ብዬ ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ መፍቻ ከመያዜ በፊት ቀዩን አያለሁ፣ የቤንዚን መዝጊያውን አያለሁ፣ ታንከሩን ወዝውዤ አዳምጣለሁ። ቀጥሎ ሞተሯ የምትሰጠውን ድምፅ ነው የምከተለው። ዝም ካለች አንድ ነገር ነው፤ እየዞረች ካልያዘች ሌላ ነው፤ ይዛ ከጠፋች ደግሞ ሌላ።

የማስነሻ ቁልፏን ስትጫኑ ዝም ካለች ወይም «ጠቅ ጠቅ» ብቻ ካለች

ኮረንቲ ነው ያጣችው። የፊት መብራቱን አብሩ። ደብዝዞ ከታየ ወይም ሞተሪኖውን ስትጫኑ ጭልም ካለ ባትሪው ወርዷል። መለኪያ ካላችሁ፣ ደህና የተሞላ ባትሪ ሳይነካ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ከ12 በታች ከወረደ ሞተሪኖውን የማዞር አቅሙ ደክሟል። እንደ እንጅባራ ባለ ብርዳም ቦታ ደግሞ የደከመ ባትሪ ጠዋት ላይ ይብስበታል።

ባትሪ ለመግዛት ግን አትሩጡ። መጀመሪያ ጫፎቹን እዩ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከያዙ ወይም ስትነኳቸው ከተነቃነቁ ችግሩ ምናልባት እሱ ብቻ ነው። ኔጌቲቩን አስቀድማችሁ ፍቱ፣ በሙቅ ውኃና በቤኪንግ ሶዳ አጽዱ፣ አድርቁ፣ አጥብቁ፣ ግሪስ ቀቡ። ፊውዙንም ተመልከቱ። ማርሽ ውስጥ ከሆነች ፍሪሲዮን (በግራ እጅ የሚያዘው) ካልተያዘ ወይም የጎን መቆሚያው ካልተነሳ አልሠራም የሚሉ ሞተሮችም አሉ።

በእርግጫ ከተነሳች ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ነገሩ ባትሪና ሽቦ ዘንድ ነው። እርግጫ ከሌላት በሁለተኛ ማርሽ ገፍቶ ማስነሳት ነው። ለዚህስ የማርቆስ ቁልቁለት ይባረክ።

እየዞረች ካልያዘች

እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር ቀላቃዩን) ለመፍታት የሚቸኩለው። ተዉት። የካርቡራተር ብሎን አንዴ በሰበብ ከተነካ ሌላ በሽታ ይወልዳል። መጀመሪያ ቤንዚኑ፣ ቀጥሎ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን እሳት የሚሰጠው ካንዴላ።

የቤንዚኑን ነገር በሰፊው ላውራ፤ በኛ አካባቢ ብዙ ጣጣ ያመጣው እሱ ነው። ማደያ ላይ ሲጠፋ መንገድ ዳር በሃይላንድ እንገዛለን። ውኃ ይኑርበት፣ ነጭ ጋዝ ይቀላቀልበት አናውቅም። ንጹሕ የላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ትንሽ ቅዱና ለአሥር ደቂቃ አስቀምጡት። ውኃ ካለው ከሥር ለብቻው ይተኛል፤ ጠርሙሱን ስታጋድሉት እንደ ብርሌ ውስጥ አተላ ሲንሸራተት ታዩታላችሁ። ነጭ ጋዝ መኖሩን ለመገመት ደግሞ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጉ። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ይተናል፤ የተቀላቀለበት ቅባት የመሰለ ምልክት ትቶ ይቆያል። ይህን ሁሉ ስታደርጉ ሲጋራም ከሰልም አጠገባችሁ አይኑር።

ውኃ ከተገኘ ታንከሩን አውርዳችሁ ባዶ አድርጉት። ከካርቡራተሩ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን ላላ አድርጋችሁ የተጠራቀመውንም አፍስሱ። ይህችን ብሎን መንካት ካርቡራተር ከመፍታት አይቆጠርም።

አሁን ካንዴላው። ፍቱትና ጫፉን እዩ።

ደረቅ ከሆነና ቤንዚን ካልሸተተ ነዳጁ አልደረሰም፤ መዝጊያው፣ ቱቦው ወይም ፊልትሮው ተዘግቷል። ርጥብ ሆኖ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ነዳጁ ደርሷል፤ ወይ እሳት የለም፣ ወይ ሞተሩ ብዙ ጠጥቶ ታፍኗል። የታፈነችን ሞተር ለማስነሳት ቾኩን (ለብርድ ጊዜ አየሩን የሚያጠበውን) ወደ ቦታው መልሱ፣ የጋዙን እጀታ እስከ መጨረሻው ጠምዝዛችሁ ያዙ፣ አምስት ስድስት ጊዜ ርገጡ።

እሳት መኖሩን ለማየት ካንዴላውን ኮፍያው ላይ መልሳችሁ፣ ብረቱን እጀታዋ ፕላስቲክ በሆነች ፒንሳ ይዛችሁ ከሞተሩ ብረት ጋር አስጠጉና ርገጡ። ጥላ ቦታ ላይ ሁኑ። ካንዴላው ከወጣበት ቀዳዳ ራቅ አድርጉት፤ ከዚያ የሚወጣው የቤንዚን ትነት ነው። ሰማያዊ እሳት ከዘለለ ደህና ነው። ቀላ ያለና የደከመ ከሆነ ወይም ጭራሽ ከሌለ አዲስ ካንዴላ ሞክሩ። ዋጋውም እንደሌላው ዕቃ አያስደነግጥም። አዲሱም እምቢ ካለ ኮፍያውን፣ ቦቢናውን (ለካንዴላው ኮረንቲ የሚያጠነክረውን) እና ሽቦውን ፈትሹ። ሁለት ካንዴላ ያላቸው ሞተሮችም ስላሉ አንዱን ብቻ አይታችሁ እንዳትፈርዱ።

ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ደግሞ ቦታችንን አስቡት። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠረፉ ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ለአየሩ የሚበዛ ቤንዚን ይሰጣል፤ ካንዴላው ይጠቁራል። በዚያ ላይ የበጋ አቧራ ፊልትሮውን ከደፈነው አለቀ። ፊልትሮውን ማጽዳት የናንተ ሥራ ነው፤ የካርቡራተሩን ልክ ማስተካከል የመካኒክ። ካንዴላውን በብሩሽ አጽዱና ክፍተቱን ለኩ፤ በብዙዎቹ ትናንሽ ሞተሮች ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ነው።

ይዛ ወዲያው ከጠፋች

ብርድ ከሆነ ቾኩን ቶሎ መልሳችሁት ይሆናል። አንድ ሁለት ደቂቃ ትሙቅ። ቾክ ላይ ብቻ የምትሠራ፣ ሲመለስ የምትጠፋ ከሆነ ግን በካርቡራተሩ ውስጥ ያለችው ቀጭን ቀዳዳ ተደፍናለች። ካርቡራተር የሚፈታው እዚህ ላይ ነው።

ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዳ ቀስ በቀስ ከደከመችና ከቆመች የታንከሩን ክዳን ክፈቱ። አየር «ሽሽ» ብሎ ከገባና ወዲያው ከተነሳች የክዳኑ መተንፈሻ ተዘግቷል። ጭቃ ነው ብዙ ጊዜ። በቀጭን ሽቦ ማጽዳት ነው።

ከዓባይ በረሃ ስትወጡ ሞቃ ከቆመች

ከድልድዩ እስከ ደጀን ያለውን ዳገት የወጣ ያውቀዋል። ከኋላ ሰው ጭናችሁ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ በቀትር። ቆማ እምቢ ካለች አትደብድቧት። ጥላ ፈልጉና ግማሽ ሰዓት አሳርፏት፤ የዘይቱን ልክም እዩ። ስትበርድ ብቻ የምትነሳ ከሆነ ሲሞቅ የሚሰንፍ ቦቢና አለ ወይም ቫልቮቹ ከልክ በላይ ጠብቀዋል። ሁለቱንም መካኒክ ይየው፤ እስከዚያ ግን በረሃው ውስጥ ደግማችሁ አትውረዱ።

ከርማ ከሆነ

ክረምቱን ሸራ ለብሳ የከረመች ሞተር የካርቡራተሯ ቤንዚን አርጅቷል፤ አፍስሱና አዲስ ስጧት። አይጥም አትርሱ። አንድ ዓመት መስከረም ላይ ወንበሩን ሳነሳ የጤፍ ገለባ ተጎዝጉዞ ጎጆ ተሠርቶ አገኘሁ። ከሥሩ አንዲት ጥቁር ሽቦ ተበልታ መዳቧ ያበራል። ትልቅ ብልሽት የመሰለኝ በአንድ ክንድ ፕላስተር አለቀ።

አንድ ምልክት ግን በራሳችሁ አትሞክሩት። እግራችሁን ስታሳርፉባት እርግጫው ያለ ተቃውሞ ቁልቁል ከወረደ፣ እምቅ አየሩ አምልጧል። ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ነው ወይም ቫልቭ። ጋራዥ ስትወስዷት ሲፈታ አጠገቡ ቁሙ፤ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃም ስጠኝ በሉት።