በኅዳር መጨረሻ ከሐዋሳ ወደ ባሌ ተራሮች ስትወጡ የአየር ትንበያውን እንዴት ታነቡታላችሁ?

ሐዋሳ ላይ ኅዳር ሲጋመስ ሰማዩ ጥርት ይላል። ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ለመቀመጥ ስስ ሹራብ ይበቃል። አንዱ ጓደኛ ተነስቶ "ባሌ እንውጣ፣ ዝናቡ አልቋል" የሚለውም ያኔ ነው። ልክ ነው፣ ባሌ ተራሮች ላይ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቁ ወቅት ነው። እኔም መጀመሪያ የወጣሁት "ዝናብ የለም" የሚለውን ብቻ ይዤ ነበር። ተራሮቹ አናት ላይ ባለው የሳነቴ አምባ ድንኳን ውስጥ አድሬ ጠዋት ጠርሙሴን ባነሳ ውሃው በረዶ ሆኗል፣ ድንኳኑ ከላይ እስከ ታች አመዳይ ለብሷል፣ እኔ ደግሞ ጓንት ስላልያዝኩ ካልሲ እጄ ላይ አጥልቄ ቁጭ ብያለሁ። ስልኬ ያሳየኝ 8 ዲግሪ ነበር።

ስልኩ አልዋሸም። የነገረኝ ከአምባው ሥር ያለችውን የጎባ ከተማን ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ፣ የምታዩት ቁጥር የየትኛው ከፍታ እንደሆነ ለዩ። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጎባ 2,700 ገደማ፣ የሳነቴ አምባ 4,000 አካባቢ፣ የባሌ ከፍተኛው ተራራ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ ደግሞ 4,377 ሜትር። በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ከጎባ ሳነቴ 1,300 ሜትር ስለሆነ ከ8 እስከ 9 ዲግሪ ቀንሱ፤ የእኔ 8 ዲግሪ ዜሮ አካባቢ ገባች ማለት ነው። አፑ ላይ የከተማ ስም ከመጻፍ ካርታው ላይ አምባውን ራሱን መንካት ይሻላል። እሱም ቢሆን አፑ ትንበያውን የሚያገኝበት የኮምፒውተር ስሌት (ሞዴሉ) ብዙ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለውን ቦታ አማካይ ከፍታ ስለሚወስድ፣ አፑ የተጠቀመበትን ከፍታ ካሳየ አመሳክሩ።

ሰዓቱንም አትርሱ። ስልኩ ላይ 5:00 የሚለው የእኛ ሌሊት 11 ሰዓት ነው። ቀልድ ይመስላል፣ ግን ቀኑን ከሌሊቱ አምታቶ የሚወጣ ሰው አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቁጥሩን ቀንሳችሁ ዜሮ ካገኛችሁ አልጨረሳችሁም፣ ምክንያቱም ጥርት ያለ ሌሊት ከዚያም በታች ይወስዳችኋል። መሬት ቀን የጠጣችውን ሙቀት ማታ ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመና ለመሬት እንደ ጋቢ ነው፣ ካለ ሙቀቱን ያስቀርላታል። በኅዳር ግን ጋቢው የለም፣ አየሩም ስስና ደረቅ ነው፣ ሙቀቱ ዝም ብሎ ይሄዳል። ሳነቴ ላይ በደረቁ ወቅት ሌሊት ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ተመዝግቦ ያውቃል። ስለዚህ ትንበያ ስትከፍቱ ከዝናቡ ምልክት በፊት የሌሊቱን የደመና መጠን እና ነፋሱን እዩ። ደመና የለም፣ ነፋስም የለም ካለ ውርጭ ጠብቁ። ነፋስ ካለ አየሩን ስለሚያደባልቀው አመዳዩ ይቀንሳል፣ ግን ፊታችሁን ይገርፋችኋል፤ የቱ እንደሚሻል እኔ እንጃ።

ትንበያው የማይነግራችሁ አንድ ነገር አለ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፣ ሌሊት እንደ ውሃ ወደ ጎድጓዳው ይፈሳል። ከነፋስ ለመሸሸግ ብላችሁ ጎድጎድ ያለ ሜዳ ላይ ድንኳን ከተከላችሁ የብርድ ኩሬ ውስጥ ተኛችሁ ማለት ነው። ትንሽ ከፍ በሉ።

ዝናቡስ? ሙሉ በሙሉ አትርሱት። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከጥቅምት እስከ ጥር ላለው ጊዜ የበጋ ትንበያ ያወጣል፣ ከጉዞው በፊት እሱን አንብቡ። ሲነበብ ግን መጠንቀቅ ነው። በጋ ለአብዛኛው ደጋ ደረቅ ነው፣ ለደቡብና ለደቡብ ምሥራቅ ቆላ ግን ሁለተኛው የዝናብ ወቅት ነው፤ ባሌ ደግሞ የሁለቱ ድንበር ላይ ተቀምጧል። ኤልኒኖ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ከወትሮው በላይ መሞቅ) ሲኖርና የህንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ሲሞቅ ያ ዝናብ ይበረታል። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ሶማሌ ክልልን ያጥለቀለቀው ጎርፍ እንዲህ ባለ ዓመት የመጣ ነው። እንዲህ ያለ ዓመት ከሆነ ከሳነቴ ወደ ሪራ መንደርና ሐረና ደን የሚወርደውን መንገድ እቅዳችሁ ውስጥ ስታስገቡ ተጠራጠሩ፣ ጭቃና ጉም ሊጠብቃችሁ ይችላል።

ከ10 ቀን በፊት የሚታየውን ዝርዝር ትንበያ ለወሬ ብቻ ተጠቀሙበት። 5 ቀን ሲቀር አቅጣጫውን ያዙ፣ 2 ቀን ሲቀር ወስኑ። በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጋችሁ ዲንሾ ስትደርሱ የፓርኩን ጠባቂዎች "ትናንት ሌሊት እንዴት አደረ?" ብላችሁ ጠይቁ። የአንድ ጠባቂ መልስ ከሦስት አፕ ይበልጣል። የመጀመሪያውን ሌሊትም እዚያው ወይ ጎባ እደሩ፤ ከሐዋሳ በአንድ ቀን 4,000 ሜትር ላይ ወጥቶ መተኛት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ መጥራት ነው።

አምባው ላይ ከሆናችሁ በኋላ ትንበያው እናንተው ናችሁ። ኔትወርኩን አትመኑት። ጠዋት ፀሐይዋ ደስ ትላለች፣ ግን ታቃጥላለች፣ ኮፍያና የፀሐይ ክሬም ያዙ። ከሰዓት በኋላ ከሐረና በኩል ደመና ከወጣና እስከ ማታ ከቆየ ሌሊቱ ይለዝባል። 12 ሰዓት ላይ ደመናው ተኖ፣ ነፋሱ ቆሞ፣ ኮከብ አንድ በአንድ መውጣት ከጀመረ ግን ብርዱ እስኪሰማችሁ አትጠብቁ፤ ያላችሁን ሁሉ ያኔውኑ ልበሱ፣ የውሃ ጠርሙሳችሁንም ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ ከእናንተ ጋር አስተኙት።