ሳፋሪና ዳይቪንግ በአንድ ጉዞ፦ ታንዛኒያ ስትሄዱ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ሴሬንጌቲ ላይ አንበሳ አይቶ፣ ከዚያ ዛንዚባር ወርዶ ባህር ውስጥ መጥለቅ ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው ያን ያህል ሩቅ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኪሊማንጃሮም ዛንዚባርም ይበራል፤ በአንዱ ገብታችሁ በሌላው መውጣት ትችላላችሁ። እኔ ሁለቱንም በአሥር ቀን አይቻለሁ። እስካሁን ከሄድኩባቸው ጉዞዎች እንደሱ የምወደው የለም። ግን አንዱ ሌላውን የሚያበላሽበት መንገድ ብዙ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ጤና ላይ የሚመጣ ነው። ስለዚህ የሠራሁትንም፣ ሌሎች ሲሠሩት ያየሁትንም ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ባህር፣ ከዚያ ሳፋሪ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። እኛም ያቀድነው እንደዚያ ነበር። "መጀመሪያ ባህሩ ዳር አረፍ እንበልና ታድሰን ሳፋሪ እንሄዳለን" ተባባልን። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። በሁለተኛው ቀን፣ የጠዋቱን መጥለቅ ጨርሰን ጀልባው ላይ ማስኬን እያጠብኩ ሳለ የዳይቪንግ አስተማሪው "ከዚህ ወዴት ናችሁ?" ብሎ ጠየቀን። ዕድሜውን ሙሉ ባህር ላይ የኖረ የዛንዚባር ሰው ነው። "ነገ ጠዋት በትንሽ አውሮፕላን፣ ከዚያ ወደ ንጎሮንጎሮ" አልነው። ምንም አልመለሰም። እርሳሱን አነሳና ከሰዓት በኋላ ከሚጠልቁት ዝርዝር ውስጥ ስማችንን ሰረዘ። ከዚያ ቁጭ አድርጎ አስረዳን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥልቀት ላይ ሆናችሁ ከሲሊንደሩ ስትተነፍሱ፣ በውሃው ግፊት ምክንያት ናይትሮጅን ወደ ደማችሁና ወደ ሥጋችሁ ይገባል። የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው። ሳይወጣ ከፍታ ላይ ከወጣችሁ፣ አምቦ ውሃ ክዳኑ ሲከፈት ምን እንደሚሆን አስቡት። ያ አረፋ ሰውነታችሁ ውስጥ ነው የሚፈጠረው። መገጣጠሚያ ያሳምማል፣ እጅና እግር ያደነዝዛል፣ ሲብስ ሽባ ያደርጋል። ለዚህ ነው አንዴ ብቻ የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በቀን ደጋግሞ ወይም በተከታታይ ቀናት የጠለቀ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ የሚመከረው። እኔ 24 ሰዓት ሙሉ እጠብቃለሁ፣ እናንተም እንደዚያው አድርጉ።

ደግሞ አውሮፕላን ብቻ አይምሰላችሁ። ንጎሮንጎሮ እንስሳት የሞሉበት ትልቅ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ነው፤ አፋፉ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ብትወጡም ከፍታው ያው ነው።

ለእኛ ሌላም ነገር አለ። አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይቀራረባል። ዱባይ የሚወርድ ሰው ሲያርፍ ተመልሶ ባህር ጠለል ላይ ነው። እኛ ግን ቦሌ ስንወርድም 2,300 ሜትር ላይ ነን፣ እዚያው አድረን እዚያው እንውላለን። ስለዚህ ወደ አዲስ የምትመለሱ ከሆነ ሳፋሪውን አስቀድሙ፣ ባህሩን አስከትሉ፣ የመጨረሻዋን ቀን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከውሃ ውጭ አሳልፏት። ስቶን ታውን፣ የዛንዚባር አሮጌዋ ከተማ፣ ለዚህ የተሠራች ነው የምትመስለው። ጠዋት ዳራጃኒ ገበያ ቅመም ግዙ፣ ጠባብ መንገዶቿ ውስጥ ጥፉ፣ ማታ ፎሮዳኒ የሚባለው የባህር ዳር የምግብ ገበያ ሄዳችሁ ኡሮጆ ሾርባ ጠጡ። ከተማው አብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ በዋና ልብስ አትግቡ፣ ትከሻና ጉልበት ሸፈን ይበል።

የአንዱን ወቅት አይቶ የሌላውን መርሳት

ብዙ ሰው ዊልደቢስቶቹ (በመንጋ የሚሰደዱት ትልልቅ የዱር እንስሳት) የማራን ወንዝ ሲሻገሩ ለማየት ብሎ ክረምት ላይ ይሄዳል፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም መጨረሻ ማለት ነው። ለሳፋሪው ጥሩ ነው። ባህሩ ላይ ግን በዚያ ጊዜ ኩሲ የሚሉት የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ይበረታል፣ ማዕበል አለ፣ ውሃውም ቀዝቀዝ ይላል። መጥለቅ አይቻልም ማለቴ አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጠልቅ ሰው ግን ከባድ ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ ከጥምቀት በኋላ ሂዱ። ጥር መጨረሻና የካቲት ላይ መንጋው ደቡብ ሴሬንጌቲ፣ ንዱቱ አካባቢ ነው፣ የሚወልድበት ጊዜ ስለሆነ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግልገሎቹ በመቶ ሺዎች ይወለዳሉ። አንዷ መኪናችን አጠገብ ወለደች። ግልገሉ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተዘርግቶ ነበር። ተነሳ፣ ወደቀ። ተነሳ፣ በአፍንጫው ተደፋ። በአራተኛው እግሮቹን አንፈራጦ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ከእናቱ ኋላ ይሮጥ ጀመር፣ ጅብ በሩቁ እያየው ነበርና። መኪናው ውስጥ አንድም ሰው አልተነፈሰም።

ያኔ ባህሩም ያምራል። ካስካዚ የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ጊዜ ነው፣ ውሃው ይሞቃል፣ ብዙውን ጊዜ ጥርት ይላል። ማፍያ ደሴት ከሄዳችሁ ደግሞ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ዌል ሻርክ የማየት ዕድል አላችሁ። ስሙ አያስፈራችሁ፣ የዓለማችን ትልቁ ዓሣ ቢሆንም የሚበላው ጥቃቅን ነገር ነው። ለእሱ ሲሊንደር አያስፈልግም፣ ማስክና ስኖርክል (የመተንፈሻ ቱቦ) ይበቃል።

የፋሲካን ዕረፍት አስባችሁ ከሆነ ግን ተዉት። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ረጅሙ ዝናብ ነው። መንገዱ ጭቃ ይሆናል፣ አንዳንድ ካምፖችም ይዘጋሉ።

ትልቅ ሻንጣ

ከሴሬንጌቲ ወደ ባህሩ የሚያደርሷችሁ ትንንሽ አውሮፕላኖች አብዛኛውን ጊዜ 15 ኪሎ ብቻ ነው የሚፈቅዱት፣ የእጅ ቦርሳን ጨምሮ። እሱም ለስላሳ ቦርሳ መሆን አለበት፣ ጠንካራው ባለ ጎማ ሻንጣ የዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ አይገባም። አብሮን የነበረ ልጅ ሙሉ የዳይቪንግ ዕቃውን ጭኖ መጥቶ፣ የአፈር ማኮብኮቢያው ዳር ተንበርክኮ ፊኑን (እግር ላይ የሚጠለቀውን መቅዘፊያ) ከአንዱ ቦርሳ ወደ ሌላው ሲያገላብጥ ፀሐይ አናቱን በላችው። ማስካችሁንና የዳይቭ ኮምፒውተር (ጥልቀትና ጊዜ የሚቆጥረው) ካላችሁ እሱን ብቻ ያዙ። ማስክ ፊት ላይ ልክ መግባት አለበት፣ የተከራያችሁት ካፈሰሰ ቀኑ ተበላሸ። የመንሳፈፊያ ጃኬቱን፣ ሬጉሌተሩን (መተንፈሻውን) እና ፊኑን እዚያው ተከራዩ። ዕቃ በፌስታል መጠቅለል የለመዳችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ፣ ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች። በጨርቅ ጠቅልሉ።

ዋናም ትምህርቱም እዚያው ይደርሳል ማለት

የመጀመሪያ ደረጃው ኮርስ፣ እስከ 18 ሜትር የሚያስጠልቀው፣ ሦስት አራት ቀን ይፈጃል። አምስት ቀን ብቻ ባህር ዳር ያለው ሰው ዕረፍቱን ክፍል ውስጥ ጨረሰ ማለት ነው። ንድፈ ሐሳቡን ቤታችሁ ሆናችሁ ኦንላይን ጨርሱ። ደግሞ 200 ሜትር መዋኘትና 10 ደቂቃ ሳይሰጥሙ መንሳፈፍ ይጠይቃል። ባህር በሌለበት አገር ላደግን ለብዙዎቻችን ይሄ ቀላል አይደለም፣ ማፈሪያም አይደለም። ሁለት ሦስት ወር ቀደም ብላችሁ ገንዳ ጀምሩ። እስራኤል ወይም ገልፍ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ኢላት ወይም ፉጃይራ ላይ ተምራችሁ ወረቀታችሁን ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ።

ኮርስ የማይፈልግ ሰው ከአስተማሪ ጋር እስከ 12 ሜትር የሚወርድበት የሙከራ ፕሮግራም አለ። እሱም ያረካል።

"እኔን ወባ አይዘኝም"

ይሄን ከአዲስ አበባ ልጆች ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እንደውም ደጋ ያደገ ሰው ወባን የሚቋቋምበት ምንም ነገር የለውም። ሴሬንጌቲ አካባቢ ወባ አለ። መከላከያ መድኃኒት ውሰዱ፣ ግን ሐኪሙ እንደምትጠልቁ ይወቅ። ሜፍሎኪን የሚባለው አንዳንድ ሰው ላይ ማዞርና ጭንቀት ያመጣል፣ ሃያ ሜትር ውሃ ውስጥ ይሄ እንዲመጣባችሁ አትፈልጉም። ሌሎች አማራጮች አሉ፣ ጠይቁ። ከጉዞ በፊትም ቤት ውስጥ ጥቂት ቀን ሞክሩት። የቢጫ ወባ ካርዳችሁን አትርሱ፣ ከኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው ይጠየቃል።

ሳፋሪ ላይ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ልብስ አትልበሱ። የቆላ ዝንብን ይስባል፣ ንክሻውም ያቃጥላል። ታራንጊሬ ፓርክ ውስጥ ጥቁር ቲሸርት የለበሰውን ብቻ መርጦ ሲነድፍ አይቻለሁ።

ሾፌሩን ማስጨነቅ፣ ውሃ ውስጥ መነካካት

"ትንሽ ጠጋ በል፣ ከመንገዱ ውጣ" የሚሉ ሰዎች አሉ። ሾፌሩ ጉርሻ እንዳይቀርበት ይፈራል፣ እንቢ ለማለት ይከብደዋል። ንጎሮንጎሮ ጉድጓድ ውስጥ ከመንገድ መውጣት ክልክል ነው፣ ሲያዝ የሚቀጣውም እሱ ነው። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉበት። ሞተሩን አስጠፍታችሁ ጠብቁ።

ባህር ውስጥም ያው ነው። ምኔምባ ደሴት አካባቢ አንድ ሰው የባህር ኤሊ ጀርባ ለመያዝ እጁን ሲዘረጋ አየሁ። ኤሊዋ ለመተንፈስ ወደ ላይ ልትወጣ ነበር፣ ደንግጣ ተመልሳ ወደ ታች ወረደች። በጣም ነው ያናደደኝ። ኮራሉን አትርገጡ፣ ምንም አትንኩ። ዶልፊን በጀልባ ማባረርን የሚያቀርብላችሁ ሰው ካለም አልፈልግም በሉት።

ኢንሹራንሱን ሳያነቡ መሄድ

ዛንዚባር እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ለሚገባ የውጭ አገር ሰው 44 ዶላር የሚከፈልበት ኢንሹራንስ ግዴታ አድርጋለች። እሱን ከፍላችሁ አትዘናጉ። ዳይቪንግን የሚሸፍን፣ የምትወርዱበትን ጥልቀትም የሚጨምር ለብቻው ይኑራችሁ። ጀልባ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ያን የአረፋ ሕመም በግፊት ክፍል የሚያክም ቅርብ ቦታ የት እንዳለና ማን እንደሚደወልለት አስተማሪውን ጠይቁት። እኔ ስልኩን ወረቀት ላይ ጽፌ አንዱን ፓስፖርቴ ውስጥ አደረግኩ፣ ሌላውን አብራኝ ለምትጠልቀው ጓደኛዬ ሰጠኋት።