ባሱን ከፍ አድርጋችሁ ማሽኑ ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ

ኦቨርክሎክ የተደረገ (ከፋብሪካ ልኩ በላይ እንዲፈጥን የተደረገ) ማሽን ሲያስቸግር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፕሮሰሰሩ ነው። ቮልቴጅ ይጨመርለታል፣ አሁንም ይቆማል፣ እንደገና ይጨመርለታል፣ ግለቱ ይብሳል። ብዙ ጊዜ ግን አልችልም ያለው ፕሮሰሰሩ ሳይሆን ከባሱ (የማሽኑ ክፍሎች ፍጥነታቸውን ከሚወስዱበት የጋራ ምት) ጋር ተጎትቶ የወጣ ሌላ ክፍል ነው፤ ራሙ፣ ቺፕሴቱ (የማዘርቦርዱን ክፍሎች የሚያገናኘው ቺፕ) ወይም የሃርድ ዲስኩ መስመር።

ሂሳቡ ቀላል ነው። የባሱ ፍሪኩዌንሲ በመልቲፕላየሩ (በማባዣው ቁጥር) ሲባዛ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ይሰጣል። ኮር 2 ዱኦ ኢ8400 በ333 ሜጋኸርዝ ባስና በ9 መልቲፕላየር 3.0 ጊጋኸርዝ ይሠራል፤ ባሱን 400 ብታደርጉት 3.6 ይሆናል። 1333 ተብሎ የሚጻፈው ባስ ያው 333 ነው፤ በአንድ ምት አራት ጊዜ ዳታ ስለሚያስተላልፍ በአራት ተባዝቶ ነው የሚጠራው። አንዳንዱ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ቅንብር) 333ን ይጠይቃል፣ አንዳንዱ 1333ን፤ የትኛውን እንደሚፈልግ ሳታዩ ቁጥር አትጻፉ።

ባዮሱ ውስጥ የባስ ቁጥር ጨርሶ የለም

ጅማ መርካቶም ሆነ ፈረንጅ አራዳ ዞራችሁ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኮምፓክ ገዝታችሁ ከሆነ አትድከሙ። ለቢሮ የተሠሩ ማሽኖች ስለሆኑ አምራቹ ይህን ቅንብር ለተጠቃሚ አልተወውም። ገንዘቡን ኤስኤስዲ ላይ አውሉት፤ ለእንዲህ ዓይነት ማሽን ከኦቨርክሎክ ይልቅ የሚታይ ለውጥ የሚያመጣው እሱ ነው።

ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው

መጀመሪያ ባዮሱን ወደ ነበረበት መልሱት። ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፣ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ ማብሪያውን ተጫኑ፣ ከዚያ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ አውጥታችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ።

ከተነሳ በኋላ ጥፋቱን ራሙ ላይ ፈልጉ። ባሱ 333 ሳለ ዲዲአር2-800 ራም በራሱ ልክ፣ ማለትም በ400 ሜጋኸርዝ እንዲሠራ ቦርዱ 5፡6 የሚለውን ሬሾ (የባስና የራም ፍጥነት ንጽጽር) ይይዛል። ባሱን 400 አድርጋችሁ ሬሾውን ካልነካችሁት ራሙ 480 ይደርሳል። ዲዲአር2-960 ሆነ ማለት ነው፤ 800 ተብሎ የተሸጠ ራም ይህን ከቻለ ዕድል ነው። ሬሾውን 1፡1 አድርጉት፣ ራሙ 400 ላይ ይቀራል። ሲፒዩ-ዚ የተባለው ፍጥነት ማሳያ ፕሮግራም የራሙን ፍጥነት በግማሽ ስለሚያሳይ 800 ጠብቃችሁ 400 ስታዩ አትደንግጡ።

መብራት በሄደ ቁጥር ቅንብሩ ይጠፋል

ሰዓቱን ተመልከቱ። ቀኑና ሰዓቱም አብሮ ከተበላሸ ባትሪዋ አልቃለች። ማሽኑ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ፓወር ሳፕላዩ ስለሚደግፋት ማለቋ አይታወቅም፤ የሚጋለጠው መብራት ሲጠፋ ነው። ሲአር2032 ብላችሁ ግዙ። ሰዓቱ ትክክል ሆኖ ባሱ ብቻ ከተመለሰ ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ ብዙ ቦርዶች ማሽኑ ለመነሳት ደጋግሞ ሲያቅተው ኦቨርክሎኩን ራሳቸው ይሰርዙታል። ማሽኑ በመነሳት ላይ ሳለ መብራት ሄድ መጣ ካለ ቦርዱ ይህንንም ከዚያው ሊቆጥረው ይችላል። መብራቱ ሲረጋጋ ቁጥሩን መልሳችሁ አስገቡ።

ሃርድ ዲስኩ ይጠፋል፣ ፋይል ይበላሻል፣ ድምፁ ይንጫጫል

ይህ ከሁሉም የከፋው ምልክት ነው፤ የሚበላሸው የእናንተ ሥራ ነውና። መንስኤው ካርዶችና የዲስክ መቆጣጠሪያው የሚጠቀሙበት የፒሲአይ ኤክስፕረስ ወይም የፒሲአይ መስመር ከባሱ ጋር አብሮ መውጣቱ ነው። በኮር 2 ዘመን ቦርዶች ላይ ፒሲአይ ኤክስፕረስን ‹አውቶ› ላይ አትተዉት፤ 100 ብላችሁ በእጃችሁ ጻፉ። የፒሲአይ ምርጫም ካለ 33.33 ላይ ቆልፉት።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጡት ሁለተኛ ትውልድ ኮር አይ5 እና አይ7 ግን ይህ መውጫ የላቸውም። ፒሲአይ ኤክስፕረሱ፣ ሳታው (የዲስኩ መስመር) እና ዩኤስቢው ሁሉ ከአንድ የ100 ሜጋኸርዝ ምንጭ ስለሚጠጡ ጥቂት ሜጋኸርዝ ስትጨምሩ ሁሉም ይናወጣል። እዚያ ባሱን 100 ላይ ትታችሁ መልቲፕላየሩን ብቻ ከፍ ማድረግ ነው ያለው፤ ለዚህም ስሙ በ‹ኬ› የሚጨርስ ፕሮሰሰርና እንደ ፒ67 ወይም ዜድ68 ያለ ቺፕሴት ያስፈልጋል። ኤች61 ቦርድ ላይ አይ5-2500ኬ ብትሰኩም ቺፕሴቱ አይፈቅድላችሁም።

ለኪቶ ፉርዲሳ (ለጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ) ተማሪዎች አንድ ቃል፦ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ያለበትን ዲስክ ነቅላችሁ ኦቨርክሎኩን በሌላ ዲስክ ሞክሩ።

ዊንዶውስ በደንብ ይከፈታል፣ ጌም ሲጀመር ይቆማል ወይም ሪስታርት ያደርጋል

እዚህ ጋ ነው ሰው ዝም ብሎ ቮልቴጅ የሚጨምረው። ከመጨመራችሁ በፊት ጥፋተኛውን ለዩ። ባሱን እዚያው 400 ላይ ተዉት፣ መልቲፕላየሩን ከ9 ወደ 7 አውርዱ፣ ራሙን በ1፡1 ያዙ። ፕሮሰሰሩ አሁን 2.8 ጊጋኸርዝ ላይ ነው፤ ከመደበኛው እንኳ ያንሳል፣ ስለዚህ ሰበብ የለውም። አሁንም ከቆመ ባሱን መሸከም ያቃተው ኖርዝብሪጁ (ፕሮሰሰሩን ከራሙ ጋር የሚያገናኘው ቺፕ) ነው ወይም ራሙ። የራም መፈተሻው ሜምቴስት86 ሌሊቱን ያድርና ራሙ ንጹሕ ከሆነ ኖርዝብሪጁ ቀረ። በ2.8 ካልቆመ ደግሞ ባሱ ጤነኛ ነው፤ መልቲፕላየሩን አንድ አንድ እየጨመራችሁ ፕሮሰሰሩን በሚያስጨንቀው ፕራይም95 ፈትኑት፤ የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ በትንሽ በትንሹ መንካት ያለባችሁ ያኔ ነው።

ኖርዝብሪጁ ከሆነ ቮልቴጁን ከመንካታችሁ በፊት የላዩን ማቀዝቀዣ ብረት አንሡት። አሮጌ ቦርድ ላይ ፔስቱ (ሙቀት አስተላላፊው ቅባት) ደርቆ ዱቄት ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ብዙዎቹ ፋንም የላቸውም። ፔስት ቀይራችሁ ትንሽ ፋን ብታዞሩበት አንዳንዴ ችግሩ እዚያው ያልቃል። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ወለል አየር በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ስስ አየር የሚወስደው ሙቀትም ያንሳል። ዝቅተኛ ቦታ ያለ ሰው የለቀቀውን የቮልቴጅ ቁጥር እንዳለ መገልበጥ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ሪስታርቱ የሚመጣው ማታ ማታ፣ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ብቻ ከሆነ ባዮሱን ተዉት። 220 መሆን የነበረበት መስመር ወርዶ ደካማ ፓወር ሳፕላይ መሸከም አቅቶት ነው። ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ ይፈታዋል።

ኤኤምዲ ላይ

ፌኖም 2 ባሱ 200 ነው። 240 ስታደርጉት 2000 የነበሩት ኖርዝብሪጅ (እዚህ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ነው) እና ሃይፐርትራንስፖርት (ፕሮሰሰሩን ከቺፕሴቱ የሚያገናኘው መስመር) ሁለቱም 2400 ይደርሳሉ፣ ማሽኑም ይንጠለጠላል። የሃይፐርትራንስፖርቱን መልቲፕላየር ከ10 ወደ 8 አውርዱት፣ 1920 ይሆናል፤ እሱን ማፍጠን ለጌም ይህ ነው የሚባል ጥቅም የለውም። ኖርዝብሪጁን ግን 9 ላይ አድርጋችሁ 2160 ስጡት፤ ኤል3 ካሹ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ፈጣን ሜሞሪ) የሚሠራው በእሱ ፍጥነት ስለሆነ ያተርፋችኋል። ሃይፐርትራንስፖርቱ ከኖርዝብሪጁ አይብለጥ።

ራይዘን 3000 እና 5000 ላይ ደግሞ ምልክቱ ግራ ያጋባል፤ የራሙ ቁጥር ጨምሮ ጌሙ ይዘገያል። በዲዲአር4-3600 ራሙ በ1800 ሲሠራ ኢንፊኒቲ ፋብሪኩም (የፕሮሰሰሩን ክፍሎች የሚያገናኘው መስመር) 1800 ሆኖ እኩል ይሄዳል። ከዚያ በላይ ስታወጡት ‹አውቶ› ላይ ያለ ቦርድ የሜሞሪ መቆጣጠሪያውን ወደ ግማሽ ያወርደዋል፣ መዘግየቱም ይጨምራል። ፋብሪኩን በግድ 1900 አድርጋችሁ ማሽኑ ባይቆምም እንኳ የዊንዶውስ መዝገብ በሆነው ኢቨንት ቪወር ውስጥ ‹ዊያ-ሎገር› የሚል የሃርድዌር ስህተት ማስጠንቀቂያ ከተደረደረ አልቻለውም ማለት ነው፤ 3600 እና 1800 ላይ መልሱት፣ ባሱንም 100 ላይ ተዉት።