ላስት ሚኒት ክሩዝ ከድሬዳዋ ሆናችሁ ስትፈልጉ፦ የት ጋ ነው የሚበላሸው?

ከዚራ ዛፍ ሥር ቁጭ ብላችሁ ስልክ ስትነካኩ፣ "ከዱባይ የ7 ሌሊት ክሩዝ፣ 350 ዶላር" የሚል ማስታወቂያ ብቅ ይላል እንበል። ክሩዝ ማለት በትልቅ መርከብ ከወደብ ወደብ እየዞሩ የሚዝናኑበት ጉዞ ነው፤ ላስት ሚኒት የሚባለው ደግሞ መነሻው ሲቃረብ በቅናሽ የሚሸጠው ነው። አልጋውም ምግቡም በዚያ ዋጋ ውስጥ ነው። አንዱ "ሌብነት ነው" ብሎ ያልፈዋል፣ ሌላው ሮጦ ይከፍላል። አቦ፣ ሁለታችሁም ተረጋጉ። እንዲህ ያለ ቅናሽ በእርግጥ አለ። መርከቡ ባዶ ክፍል ይዞ ከሚሄድ ይልቅ በርካሽ ቢሸጠው ይሻለዋል። የእኛ ሰው የሚከስረው ነገሮችን የሚያስኬድበት ተራ ስለሚገለባበጥበት ነው።

ዋጋው ንቅንቅ አልል ሲል

ሳምንታት ትከታተላላችሁ፣ ዋጋው ያው ነው። ምናልባት ገና ቀኑ አልደረሰም። ቀድመው ቀብድ ያስያዙ ሰዎች ቀሪውን ከፍለው የሚጨርሱበት ቀን አለ፤ እንደ ኩባንያው ቢለያይም ብዙ ጊዜ መርከቡ ከመነሳቱ ከ2 እስከ 4 ወር በፊት ነው። ያልተከፈለባቸው ክፍሎች ያኔ ተመልሰው ለሽያጭ ይወጣሉ። ዋናው ቅናሽ የሚጀምረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ወቅቱንም እዩ። ከዱባይ የሚነሱት ክሩዞች የሚበዙት ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። በፈረንጆቹ ገናና አዲስ ዓመት ሳምንት ቅናሽ አትጠብቁ። የእኛ ገና ግን ታህሳስ 29 ነው፤ ያኔ የእነሱ በዓል አልቆ፣ ሰዉ ሥራ ገብቶ፣ መርከቡ ባዶ ክፍል በዝቶበት ይጠብቃችኋል። ከዚያ እስከ ጥምቀት ያለው ጊዜ ለእኛ ፈቃድ የተመቸ ስለሆነ እኔ ሁሌም መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

350 ያለው መክፈያው ላይ ከ800 ሲያልፍ

የተጻፈው ዋጋ ሁለት ሰው አንድ ክፍል ሲይዝ የአንዱ ድርሻ ነው። ብቻችሁን ከሆናችሁ ብዙ ጊዜ የሁለቱንም ትከፍላላችሁ፣ ማለትም 700። ለሠራተኞቹ በየቀኑ የሚታሰበው ቲፕ በአንድ ሰው 15 ዶላር ቢሆን፣ በ7 ሌሊት ሌላ 105 ይጨመራል። የወደብ ክፍያም አለ። መፍትሄው ጓደኛ ወይም እህት ወንድም ይዞ መሄድ፣ መስኮት የሌለውን ክፍል መውሰድ፣ ከተቻለም ክፍሉን ኩባንያው ራሱ የሚመርጥበትን አማራጭ መያዝ ነው። ለመተኛት ብቻ ለምትገቡበት ክፍል መስኮት ምን ያደርግላችኋል? ባሕሩ ከላይ ከመርከቡ ወለል ላይ በነጻ ይታያል።

ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ቪዛ ሲከለከል

ብዙ ብር የሚቀልጠው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። የላስት ሚኒት ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም፤ መነሻው ሲቃረብ ብትሰርዙ ሙሉውን ልታጡ ትችላላችሁ። ብዙዎቹ የቅናሽ ምክሮች የተጻፉት ደግሞ ቪዛ ሳያስፈልገው ፓስፖርቱን ብቻ ይዞ ለሚነሳ ሰው ነው። እኛ ስንሰማቸው ተራውን መገልበጥ አለብን፦ መጀመሪያ ቪዛ፣ ቀጥሎ መርከብ።

ሌላም ወጥመድ አለ። ከዱባይ ተነስቶ ኦማን ደርሶ የሚመለስ መርከብ ከአገሩ ያስወጣችኋል፣ ከዚያ መልሶ ያስገባችኋል። ስለዚህ አንዴ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ አይበቃም፤ ደጋግሞ የሚያስገባ መሆን አለበት። ከአውሮፓ ወደብ ተነስቶ ቱርክን ነክቶ ለሚመለስም ያው ነው። የሸንገን ቪዛ (የብዙዎቹ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ማመልከቻው ከገባ በኋላ ውሳኔው በደንቡ 15 ቀን ይወስዳል፣ አንዳንዴ እስከ 45 ይሄዳል። ቀጠሮ የምትጠብቁበት ሲደመር ላስት ሚኒት የሚባል ነገር አይኖርም። ማመልከት ግን ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ይቻላልና ጊዜውን ተጠቀሙበት። ፓስፖርታችሁም ከጉዞው በኋላ ቢያንስ 6 ወር የሚቆይ ይሁን።

ባንክም የጉዞ ምንዛሪ ስትጠይቁት ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት አሳዩ ይላችኋል። እዚያም ቪዛው ይቀድማል።

አውሮፕላኑ ከመርከቡ ሲወደድ

ሰው የመርከቡን ዋጋ ብቻ አይቶ ይከፍልና ከድሬ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ዱባይ ያለውን ኋላ ያስባል። ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍታችሁ ድምሩን እዩ። መመለሻችሁ ታህሳስ 19 አካባቢ ከሆነ ደግሞ ቁልቢ ገብርኤል ነው፤ የድሬ በረራ ቀድሞ ይሞላል፣ ስለዚህ መጀመሪያ የመመለሻውን ወንበር ያዙ። ስትሄዱም መርከቡ በሚነሳበት ቀን ሳይሆን በዋዜማው ዱባይ ግቡ። የአንድ ሌሊት ሆቴል ትከፍላላችሁ፣ ግን አንድ በረራ ቢዘገይ መርከቡ ቆሞ አይጠብቃችሁም።

በቴሌግራም "ዛሬ ካልከፈልክ ያልቃል" ሲሏችሁ

ብሩ ወደ ግለሰብ ስልክ ወይም አካውንት ይግባ ካሉ አትላኩ። እውነተኛ ወኪል ከሆነ ብዙ ጊዜ ክፍሉን በስማችሁ ይዞ የቦታ ማስያዣ ቁጥሩን መስጠት ይችላል። ቁጥሩን ተቀብላችሁ ራሳችሁ የመርከብ ኩባንያው ድረ ገጽ ላይ አስገቡት። ስማችሁ፣ ቀኑና የክፍሉ ዓይነት እዚያ ከወጣ ክፈሉ። ካልወጣ፣ ወይም "ቁጥሩ ከክፍያ በኋላ ነው የሚመጣው" ካሉ፣ ብሩን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት።