«ለቀቅናት» እየተባለ ትልቋን ትራውት የሚገድሉ ስህተቶች

በቴክሳስ የባሕር ዳርቻ፣ በላጉና ማድሬና በባፊን ቤይ ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ቆሞ የሚያጠምድ ሰው ባለ ጀልባውን የሚበልጥበት ነገር አለ፦ ዓሣዋን ከውኃ ማውጣት ጨርሶ አያስፈልገውም። ታዲያ 28 ኢንች (71 ሴንቲ ሜትር) የምትሆን ነጠብጣብ ትራውት (የባሕር ዳርቻ ዓሣ ናት) ሲይዝ ምን ያደርጋል? እየጎተተ ወደ ደረቁ ይሮጣል!

ከዚህ የከፋ ስህተት የለም። አሸዋው ልጋጓን ይገፈዋል፤ ከበሽታ የሚከላከልላት ደግሞ እሱ ነው። ስንጥቦቿ አየር ላይ ተጣብቀው ትታፈናለች። በዚህ መሃል ስልክ ይፈለጋል፣ መነጽር ይወለወላል፤ እሷ በከንፈር መቆንጠጫ ቁልቁል ተንጠልጥላ፣ ክብደቷ ሁሉ መንጋጋዋ ላይ። መንጋጋዋ ከተጎዳ ማደን ያቅታታል። ስለዚህ ዋኝታ መሄዷን አይታችሁ ተርፋለች አትበሉ። ያን ያህል የምታድገው ደግሞ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ሴቷ ናት፤ እንቁላል ጣይዋን ነው የምታጡት።

ቀበቶ ላይ የሚታሰር፣ በጎማ የተሸፈነ ባለ እጀታ መረብ ያዙ። ቋጠሮ ያለው ሻካራ ናይሎን ክንፏን ይተለትላል። መረቡ ውኃ ውስጥ ይቆይ። 20 እና 28 ኢንችን ቀድማችሁ የማጥመጃ ዘንጉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ፤ እዚያው ትለካለች። ፎቶ አንሺው «ዝግጁ» ሲል ሁለቱን እጆች አርጥቡ፦ አንዱ ጅራቷ ሥር፣ ሌላው ከጭንቅላቷ ኋላ ከሆዷ በታች። አግድም አንሱ፣ አምስት ሰከንድ፣ መልሱ።

ድራግ ላይ፣ ማለትም ዓሣዋ ስትስብ ክሩ ምን ያህል ተጠብቆ እንደሚለቀቅ በሚወስነው የመጠቅለያው ፍሬን ላይ፣ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ አጥብቆ ስስ አፏን ይቀድዳል። ሌላው እንዳታመልጠው ፈርቶ አላልቶ እስክትዝል ያንገላታታል፤ በበጋ ሙቅ ውኃ ኦክስጅን ስለሚያንሰው ከዚያ ድካም ማገገም ይከብዳታል። 20 ፓውንድ ለሚችል ክር ድራጉን 5 ፓውንድ ያህል ላይ ማጥበቅ ይበቃል።

ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ አንዱ ጫፍ አፏ ውስጥ፣ ሌላው እጃችሁ ውስጥ ሆኖ ስትፈራገጥ ምን እንደሚከተል መንገር አያሻም። በነጠላ ቀይሩት፤ የኋላ እሾሁንም በፒንሳ ጨፍልቁት። ጉሮሮዋ ድረስ ከዋጠችው አትጎትቱ፤ ክሩን አፏ አጠገብ ቁረጡ።

ለማንቃት ወዲያና ወዲህ መግፋትና መሳብ የተለመደ ነው፤ ግን ወደ ኋላ ስትጎተት ውኃው በስንጥቧ በተቃራኒ ይገባል። ፊቷን ወደ ወራጁ አዙራችሁ ጅራቷን ብቻ ያዙ፤ በራሷ ኃይል ጅራቷን ስትመታ ልቀቁ። ዶልፊን አጠገብ ካለ አትልቀቁ፤ የደከመች ትራውት ቀላል ምሳው ናት። በመረቡ ውኃ ውስጥ እንዳለች ይዛችሁ ራቅ በሉ።

የቴክሳስን ሕግ ከመውጣታችሁ በፊት እዩ፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ከ20 ኢንች በላይ የሆነችን ትራውት እንዳሻው ማስቀረት አይቻልም።

ደስታው ቢያዘልላችሁም እግር እያነሳችሁ አትራመዱ። ጫማችሁን በአሸዋው ላይ እየጎተታችሁ ሂዱ፤ ስቲንግሬይ፣ ጅራቱ ላይ መርዛማ እሾህ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ፣ ተቀብሮ የሚተኛው እዚያው ነው።