ማሳንና ደንን ጎን ለጎን የማነጻጸር ዘዴ

የእርሻ ማሳ ከተፈጥሮ ደን በምን እንደሚለይ ለመረዳት ሁለቱ በአንድ ዓይነት አፈርና ተዳፋት ላይ የሚዋሰኑበትን ቦታ መምረጥ ይገባል። በወሎ ይህ ብዙ አይቸግርም፤ በጥድና በወይራ የተከበበ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሲያበቃ ብዙ ጊዜ የጤፍ ወይም የማሽላ ማሳ ይጀምራል። በቅጥሩ ውስጥ ለመቆፈር ግን አስቀድሞ ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ባሕር ዛፍ ብቻ የተተከለበት ቦታ ለዚህ አይሆንም፤ እርሱም እንደ ማሳው ሰው መርጦ ያበቀለው ነውና።

በመጀመሪያ ከሁለቱም ቦታ አንድ አንድ አካፋ አፈር ይቆፈር። በደኑ ውስጥ ከላይ የረገፈ ቅጠል፣ ከሥሩ በነጫጭ የፈንገስ ክሮች የተያያዘ ግማሽ ብስባሽ፣ ከዚያም በእጅ ሲያሹት የሚፈረፈር ጠቆር ያለ አፈር ይገኛል። አዝመራው የተነሣለት ማሳ ግን ገጹ ራቁቱን ነው፤ ማረሻ ከሚደርስበት ጥልቀት በታችም ብዙ ጊዜ የጠጠረ ንብርብር ያጋጥማል። ቀጥሎ ከላይም ከታችም የተከፈተ ጣሳ በየቦታው አፈሩ ውስጥ ጥቂት ተተክሎ እኩል ውኃ ይፈሰስበትና የሚሰርግበት ጊዜ ይመዝገብ። የደኑ አፈር አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ይጠጣል።

ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት ግን በአካፋ አይገኝም፤ ገበሬውን በመጠየቅ እንጂ። ከማሳው የወጣው ሁሉ የት እንደሚደርስ ተራ በተራ ይጠየቅ፦ እህሉ ወደ ጎተራ፣ ጭዱ ወደ ከብቱ፣ የማሽላው አገዳ ለመኖ፣ ለማገዶና ለአጥር ይሄዳል፤ በመጨረሻ ወደ አፈሩ ሊመለስ የሚችለው እበት እንኳ ኩበት ሆኖ በምድጃ ይነዳል። በደኑ ግን ቅጠሉ በወደቀበት ይበሰብሳል፣ የያዘው ናይትሮጅንና ፎስፎረስም አብዛኛው እዚያው ላሉት ሥሮች ይመለሳል። በእኔ ግምት ስለ ማዳበሪያ ከመነጋገር በፊት ይህን ዝርዝር በወረቀት ማስፈር ይቀድማል።

የዕፅዋቱ ስብጥርም ይቆጠር። በአንድ ካሬ ሜትር ደን ውስጥ ብዙ ዓይነት ችግኝና ሣር ሲገኝ፣ በማሳው አንድ ሰብል ይበዛል፤ አረሙም ይታረማል። እንደ ቆቦ ባለ ቆላማ የማሽላ አገር የዚህን መዘዝ በአቀንጭራ ማየት ይቻላል። ይህ አረም በማሽላው ሥር ላይ ተጣብቆ ምግቡን ይስባል፣ አንዱ ተክልም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ደቃቅ ዘር ያፈራል። ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ቆይቶ የሚበቅለው ተስማሚ ሥር አጠገቡ ሲደርስ ነው፤ በየዓመቱ ማሽላ የሚዘራበት ማሳ ደግሞ ይህን ሥር በየስንዝሩ ያቀርብለታል። ስለዚህ ማሳው በማሾ ወይም በሽምብራ ይፈራረቅ፣ የበቀለው አቀንጭራም ሳያብብ ይነቀል።