የሽንኩርት ሾርባ ሲበላሽ፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ቤት ባለው ነገር ለአራት ሰው የሚበቃ የሽንኩርት ሾርባ መጠኑ ይኸው ነው፦ 1 ኪሎ ሽንኩርት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ቅቤ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት፣ 1.2 ሊትር መረቅ። የሚገባበት ነገር ጥቂት ስለሆነ ስህተት የሚደበቅበት ቦታ የለም። አብዛኛው ብልሽት ደግሞ መረቁ ገና ሳይጨመር፣ ቁሌቱ ላይ ያለቀ ነው።

ሾርባው ገርጥቷል፣ ውሃ ውሃ ይላል

ደጋግሞ የሚያጋጥመው ይህ ነው። ሽንኩርቱ ነጭ ሆኖ መረቁ ላይ ይንሳፈፋል፣ የጥሬነት ሽታው አልለቀቀውም፣ ሲቀመስ ከጨው በቀር ጣዕም የለውም። ሰው ቶሎ የሚጠረጥረው መረቁን ነው። አንድ የመረቅ ኩብ ይጨምራል፣ ለውጥ ሲያጣ ይደግማል፤ በመጨረሻ ሾርባው እንደገረጣ ጨው ይሆናል። መረቁ ምንም አላጠፋም፤ ሽንኩርቱ አልተቁላላም።

ከሽንኩርት ክብደት 90 በመቶ ገደማው ውሃ ነው። ያ ውሃ ድስቱ ውስጥ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እምብዛም አያልፍም። ሽንኩርት በደንብ የሚቀላውና ጣዕሙ የሚጎላው ግን ውሃው አልቆ ሙቀቱ ወደ 140 ሲጠጋ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ሽንኩርቱ እየተቀቀለ ነው እንጂ እየተቁላላ አይደለም። «በ10 ደቂቃ ወርቃማ ይሆናል» የሚል የአሠራር ጽሑፍ ስንቱን ድስት አበላሽቷል! በ10 ደቂቃ የቀላ ሽንኩርት ጠርዙ ጠቁሮ መሃሉ ጥሬ ነው። 1 ኪሎ ሽንኩርት ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ድስቱ ጠባብ ከሆነ ከዚያም ይበልጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሽንኩርቱን ከአናቱ ወደ ሥሩ አቅጣጫ፣ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት እየሰጣችሁ ክተፉ፤ በአግድም የተከተፈ ቶሎ ይላሽቃል። ሰፊና ታቹ ወፍራም የሆነ ድስት ላይ ቅቤውንና ዘይቱን አግሉ፣ ሽንኩርቱንና ጨውን ጨምሩ። ጨው ውሃውን ቶሎ ያወጣዋል። ከድናችሁ በመካከለኛ እሳት 10 ደቂቃ ተዉት፤ ይለሰልስና በራሱ ውሃ ይዋኛል። ከዚያ ክዳኑን አንሱ፣ ቁሌቱ እስኪያልቅም አትመልሱት። ክዳን እንፋሎቱን መልሶ ሽንኩርቱ ላይ ያንጠባጥባል፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ከድኖ «አልቀላ አለኝ» የሚል ሰው ችግሩ ይኸው ነው።

ከዚህ በኋላ ጆሮ ስጡት። ውሃ ሲኖር ድምፁ ለስላሳ መንተክተክ ነው፤ ውሃው ሲያልቅ ደረቅ ቸስታ ይሆናል። ያኔ እሳቱን ቀንሱ። ማማሰያውን ድስቱ መሃል ላይ ጎተት አድርጉት፦ የተከፈተው መንገድ ወዲያው በውሃ ከተሞላ ገና ነው። ክፍት ሆኖ ከቆየ፣ ታቹም ላይ ስስ ቡናማ ሽፋን ከያዘ፣ መቁላላቱ አሁን ጀመረ። ያ ሽፋን የሾርባው ቀለምም ጣዕምም ነውና እንዳያርርባችሁ። 2 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጠብ አድርጉበት፣ በእንጨት ማማሰያ ፍቃችሁ ከሽንኩርቱ ጋር አዋህዱት። በአራት በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንደገና ይይዛል፤ እንደገና ውሃ፣ እንደገና መፋቅ። ድስቱን ሞልቶ የነበረው ሽንኩርት ሩብ ያህል እስኪቀር፣ የጥቁር ማር ቀለም እስኪይዝ፣ በማንኪያ ጀርባ ሲጫኑት እንደ ማርማላታ እስኪፈርስ ቀጥሉ።

መረቁ ቀድሞ ከገባበት ሽንኩርቱን በወንፊት አውጡ፣ አጥልሉት፣ ሰፊ መጥበሻ ላይ በትንሽ ቅቤ አቅልታችሁ መልሱት። ከመጀመሪያው በትክክል እንደተሠራው አይሆንም፤ ግን ይበላል።

ስለ አቋራጮቹ፦ ስኳር ቀለምና ጣፋጭነት ይሰጣል እንጂ የሽንኩርትን ጣዕም አይሰጥም። ቤኪንግ ሶዳ መቅላቱን በእርግጥ ያፋጥናል፤ ሽንኩርቱን ግን ያላሽቀዋል፣ ትንሽ ከበዛም ሳሙና ሳሙና ይላል። ለዚህ ሾርባ ሁለቱም አይመከሩም።

መሯል

ቡናማና ጥቁር አንድ አይደሉም። ሽፋኑ ከጠቆረ አርሯል፣ ያረረው ወደ ሾርባው ከገባ በኋላ ደግሞ መውጫ የለውም። ድንችም፣ ወተትም፣ ስኳርም አያድኑትም። ያረረው ገና ታች ብቻ ከሆነ ሳትፍቁ፣ ሳታማስሉ ከላይ ያለውን ደህና ሽንኩርት ወደ ሌላ ድስት ገልብጡና ቀጥሉ። ስስ ድስት እሳቱ ባረፈበት ቦታ ብቻ ስለሚግል አዘውትሮ ያሳርራል፤ ሌላ ከሌለ እሳቱን ዝቅ አድርጉ፣ ከድስቱም አትራቁ። ነጭ ሽንኩርት ቶሎ አርሮ ይመርራል፤ የሚገባው ቁሌቱ ካለቀ በኋላ፣ ለ1 ደቂቃ ብቻ ነው።

ጣፋጭነቱ በዝቷል

በደንብ የተቁላላ ሽንኩርት ይህን ያመጣል፤ የሥራ ጉድለት አይደለም። 1 የሻይ ማንኪያ ኮምጣጤ ወይም የሎሚ ጭማቂ ከምድጃ ከማውረዳችሁ በፊት ጨምሩ፣ ቅመሱ፣ ካስፈለገ ድገሙ። ጥቁር ቁንዶ በርበሬም ያግዛል። የወይን ጠጅ ካለ ጣፋጭ ያልሆነውን ነጭ፣ ግማሽ ብርጭቆ፣ ከመረቁ በፊት ጨምራችሁ እስኪመጥ ጠብቁ። ብረት ብረት የሚል ጣዕም ካመጣ ግን ጥፋቱ የድስቱ ነው፤ ሽፋን የሌለው አሉሚኒየም ከአሲድ ጋር አይስማማም።

ጨው በዝቶበታል

ኩቡ ነው። አብዛኛው የመረቅ ኩብ ከሁሉ ይልቅ ጨው ነው፣ ሾርባው ሲንተከተክ ደግሞ ውሃው እየቀነሰ ጨውነቱ ይጠነክራል። ጨው በሌለው ውሃ አቅጥኑት። ዳግመኛ እንዳይደርስ ኩቡን በግማሽ መጠን ተጠቀሙ፣ ተጨማሪ ጨው መጨረሻ ላይ ብቻ፤ አይብ (የሚቀልጠው፣ ቺዝ የሚባለው) የሚጨመርበት ከሆነም አይቡ ራሱ ጨው እንዳለው አስቡ። መረቅ ከሌለ ካሮት፣ የእንጉዳይ ግንድና አንድ የቤይ ቅጠል በ1.5 ሊትር ውሃ 30 ደቂቃ አንተክትኩና አጥልሉ። የደረቅ አይብ ቅርፊት ካለ አብሮ ይግባ። ሽንኩርቱ በትክክል ከተቁላላ ተራ ውሃም ይበቃል።

ግራጫ ወይም ሰማያዊ መሰለ

ልጣጩ ሐምራዊ የሆነው ሽንኩርት ቀለም ነው። ጉዳት የለውም። ጥቂት የሎሚ ጠብታ ወደ ቀይ ይመልሰዋል።

ዱቄት ዱቄት ይላል፣ ወይም ጓጉሏል

ዱቄቱ ከቁሌቱ ጋር 2 ደቂቃ ሳይቆላ ነው መረቅ የገባበት። መረቁን በጥቂት በጥቂቱ እያማሰላችሁ ጨምሩ፣ ከዚያ 20 ደቂቃ ይንተክተክ።

ዳቦው ሟሸሸ፣ አይቡ ዘይት ለቀቀ

ሾርባውን አይብ ከቀለጠበት ዳቦ ጋር ለምታቀርቡ፦ ትኩስ ዳቦ አይሆንም። 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ቁራጭ በ160 ዲግሪ ምድጃ 20 ደቂቃ ያህል፣ መሃሉ ድረስ እስኪደርቅ አድርቁ። አይቡን ራሳችሁ ፈቅፍቁ፤ ተፈቅፍቆ የሚሸጠው እንዳይጣበቅ ስታርች ስለተነሰነሰበት እንደልብ አይቀልጥም። አይብ በሚፈላ ሾርባ ውስጥ ከገባ ዘይቱ ይለያል።

ጥንቃቄ፦ ለምድጃ ያልተሠራ ጎድጓዳ ሳህን ከላይ በሚያነድ እሳት ሥር አታስገቡ፤ ይሰነጠቃል፣ የሚፈላውም ሾርባ ይደፋል። አይቡን ዳቦው ላይ ለብቻ አቅልጡና ሲቀርብ ሾርባው ላይ አስቀምጡት።

የተረፈው በ2 ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ይግባ፣ ዳቦው ሳይጨመር እስከ 3 ቀን ይቆያል። ለቀጣዩ ጊዜ ድካም ለመቀነስ በሁለት ድስት እጥፍ ቁሌት ሠርታችሁ ግማሹን በፍሪዘር አስቀምጡ። አንድ ድስት ውስጥ 2 ኪሎ አትጠቅጥቁ፤ ውሃው መውጫ አጥቶ ሁሉም ይቀቀላል።